የአርባ ሰው ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ በአንድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስታደርግ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቀለሙ ደርቆባት ነው መሰለኝ፣ ማኅተሙን ወደ አፏ አስጠግታ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበትና ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ሸተተኝ። ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም፣ ከአዲስ ወረቀትና ከሰው ትንፋሽ ጋር።

ደብዳቤው የእኔ ነበር። ተማሪዎቻችንን ይዘን ሐይቁ አጠገብ ያለውን አሮጌ የመንግሥት ሕንፃ ልንጎበኝ አስበናል፤ ደብዳቤውንና የስም ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ማንም አልነገረኝም። በስብሰባው ላይ እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይመስለኛል።

«ስንት ሰው ነው?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«አርባ» አልኳት፣ ዝርዝሩን ሳላይ። አርባ የሚለው ቁጥር ከዚያ ቤት ጋር ተጣብቆብኝ የቀረው በልጅነቴ ነው።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሲጀመር፣ አባባ ሌዳሞ ከቱላ መጥተው እኛ ቤት ተቀመጡ። የአባቴ አጎት ናቸው። ለሐኪም ቤት ምልልሱ አዲስ ከተማ ያለው ቤታችን ይቀርባቸው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ከነጭራሹ አያይም። የግራውን ደግሞ ሐኪሙ «ዓመቱን ከጨረሰ ጥሩ ነው» ብሎ ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ። እኔ የገባኝ ዓይን እንደ ተማሪ ዓመቱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ክፍል እንደሚያልፍ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ያልፋል ብዬ ብዙም አልተጨነቅኩም።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያ ሕንፃ ተላላኪ ነበሩ። ደብዳቤ ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በእግርና በብስክሌት ያደርሱ ነበር። «እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ» ይሉኛል። አንድም ቀን ሳይቀመጡ የቆሙ መስሎኝ፣ ማታ ማታ እናቴ ጉልበታቸውን በቅባት ስታሽላቸው ሠላሳ ዓመት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስትሄድ ሁለታችን እንከተላታለን። እሷ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር ስትከራከር እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አባ ኮዳዎቹን እናያለን። እነዚያ ረጃጅም ወፎች መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ መስለው፣ ሳይነቃነቁ ይቆማሉ።

«እንደ ተላላኪ ነው የሚቆሙት» አሉኝ አባባ አንድ ቀን። «እስኪጠሩ ድረስ።»

ቀልድ መሆኑን አላወቅኩም። ያን ወር በሙሉ አባ ኮዳዎቹ ከየመሥሪያ ቤቱ ጡረታ የወጡ ተላላኪዎች ይመስሉኝ ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ ቀስ ብዬ፣ እናቴ ሳትሰማኝ፣ «እንደምን አደራችሁ» እላቸዋለሁ።

የሚጠሩት በምን እንደሆነም ነግረውኛል። አስተዳዳሪው ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ደወል ነበረ። አንድ ጊዜ ከተደወለ ሻይ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ሌዳሞ። ሦስት ጊዜ ሾፌሩ። አባባ ኮሪደሩ ላይ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲቆጥሩ ኖሩ። እኛ ሰፈር ያን ጊዜ ብስክሌት የሌለው ቤት አልነበረምና፣ ከአጥሩ ውጪ አንዱ ብስክሌተኛ ሁለቴ ደወሉን ካቃጨለ አባባ ከተኙበት እንኳ «አቤት!» ብለው ይነሣሉ። ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ ይላቸውና እኔን አይተው ይስቃሉ። እኔም መሳቅ ትቼ አብሬያቸው መነሣት ለመድኩ። ብቻቸውን ተነሥተው እንዳይቀሩ ነው።

ሌላም ልማድ ነበረን። ተላላኪ ደብዳቤ ሲያደርስ ተቀባዩ በማስፈረሚያ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። «ደብዳቤው በእጁ ቢሆን፣ አንብቦት ቢያለቅስ እንኳ፣ ካልፈረመ አልደረሰም» ይሉ ነበር አባባ። ከጓሯችን ዛፍ የበሰለ ዘይቱን በአፍንጫቸው ፈልገው ቀጥፈው ይሰጡኛል፤ ከዚያ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

«ፈርሚ፣ ቤቶ።» ቤቶ በሲዳምኛ ልጅት ማለት ነው።

በጣቴ መዳፋቸው ላይ «ምሕረት» ብዬ እጽፋለሁ። ገና «ም» ላይ እያለሁ ኮርኩሯቸው ይስቃሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሁለቱንም ዓይናቸውን የሚጨፍኑት።

መስከረም ላይ፣ በመጡ በሳምንታቸው፣ ብቻቸውን ወደዚያ ሕንፃ ሄደው ነበር። የነገረችኝ እናቴ ናት። ሕንፃው መዝገብ ቤት ሆኗል፤ ዝም ብሎ አይገባም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ደብዳቤ ይዘዋል?» አላቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ያን ቀን አልያዙም። ዞረው መጡ።

«ግራ ዓይኔ ሳለች አንዴ ባየው ደግ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ለአባቴ።

«እወስድዎታለሁ፣ አባባ። ሥራ ትንሽ ቀለል ይበልልኝ።»

«ግድ የለም። እኔስ ምን ሥራ አለኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ደግመው አላነሡትም። የሥራ ካፖርታቸውን ግን ከሻንጣቸው አውጥተው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ጥቅምት ላይ የአካባቢ ሳይንስ መምህራችን ቲቸር አስቴር ክፍሉን ዝም አሰኝታ የከተማችንን አሮጌ ሕንፃ ልትጎበኙ ነው አለችን። የትኛውን እንደሆነ ስትናገር ጆሮዬ ጋለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ረድኤት፣ የክፍላችን ትልቅ ድምፅ፣ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«አባባ እዚያ ይሠሩ ነበር።»

«ሚኒስትር ነበሩ?»

«ተላላኪ።»

«ተላላኪ ደግሞ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይቆማል» አልኳት። የማውቀው ይህንኑ ነበር። ረድኤት እስከ ዕረፍት ድረስ ሳቀች።

ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ የፈቃድ መጠየቂያውን ደብዳቤ በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ተመለሰ። ቲቸር አስቴር ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና «ምን እንደጎደለው እንኳ አይናገሩም» አለች። ረቂቁ ደብተሬ ውስጥ ስለነበረ ቤት ወስጄ ለአባባ አነበብኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ቁጥር አለው?»

«የለውም።»

«ጉዳዩ የሚል መስመርስ?»

«የለውም፣ አባባ።»

«ግልባጭ ለማን ለማን እንደሚሄድ?»

«እሱም የለም።»

«እንግዲያው ይሄ ደብዳቤ አይደለም፤ ወሬ ነው» አሉ። «ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ማን ያስገባዋል?»

ትክክለኛውን መልክ አስጻፉኝ። ቁጥሩ የት፣ ቀኑ የት፣ ከስንት ጣት በኋላ «ጉዳዩ» ተጽፎ እንደሚሰመርበት፣ ማኅተሙ ፊርማውን ምን ያህል እንደሚነካ። ራሳቸው አንድም ደብዳቤ ጽፈው አያውቁም፤ መልኩን ግን ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ይዘውት ኖረዋል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ለቲቸር አስቴር መንገር ነበር። ያ ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። ሦስት ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠረጴዛዋ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። አንደኛው ቀን አላየችኝም። ሁለተኛው ቀን ሰሌዳውን ላጠፋላት የፈለግኩ መስሏት ዳስተሩን ሰጠችኝ። ሦስተኛው ቀን፣ «ምሕረት፣ ሽንት ቤት ነው? ሂጂ እንጂ!» አለችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። እውነትም ወደ ሽንት ቤት ነው የሮጥኩት፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

አዲሱ ደብዳቤ አልተመለሰም። ፈቃድ ይዞ መጣ። ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአርባ ያልበለጠ ሰው። የላይኛው ፎቅ ወለል እንጨት ስለሆነ ከዚያ በላይ አይችልም፤ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለም አይገባም። እኛ ሠላሳ ዘጠኝ ነን። ቲቸር አስቴር ስትጨመር ልክ አርባ።

«ልክክ አለ!» ብላ አጨበጨበች።

ለአባባ ስነግራቸው ደስ አላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ሰባተኛው ደረጃ ይጮኽ ነበር። አሁንም ይጮኽ እንደሆነ ስሚልኝ» አሉኝ። «ከላይ ደግሞ በመስኮቱ ሐይቁን እዪልኝ። አየሽ፣ ከዚያ ስታዪው ውኃ አይመስልም። ከሥሩ ወደ ሰማይ የሚገባበት በር ያለ ይመስላል።»

እዪልኝ አሉ እንጂ ውሰዱኝ አላሉም። ያን ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። በሕልሜ ግን ደረጃው ላይ ቆሜ ሰባተኛውን ስፈልግ ነበር፤ እየቆጠርኩ ስወጣ ከስድስት በኋላ ሁልጊዜ ስምንት ይመጣል።

በማግስቱ ዝርዝሩን እንድጽፍ ባለ መስመር ወረቀት፣ ሁለት ካርቦንና አንድ አዲስ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ሦስት ቅጂ ነው የሚያስፈልገው፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤቱ፣ አንዱ ለበሩ ጥበቃ። ቲቸር አስቴር ከላይ፣ ከዚያ እኛ በፊደል ተራ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሀ ጨረስኩ። ለ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ቲቸር አስቴርን ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ አላውቅም ነበር። ለመጠየቅ ግን እንደገና ጠረጴዛዋ አጠገብ ሦስት ቀን መቆም አለብኝ፤ ሦስት ቀን ደግሞ አልነበረኝም። መጻፍ ከመናገር ይቀላል። «ሌዳሞ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከነአባታቸው ስም። ካርቦኑ እንዲያስተላልፍ ጠንከር አድርጌ ተጫንኩት። ከዚያ መ ጋ ስደርስ የእኔን ስም ዘለልኩት። መጨረሻው መስመር ላይ አርባ ወጣ። ቲቸር አስቴር አርባ የሚለውን አይታ ፈረመች፤ ማኅተሙም አረፈበት። ገና ሳይደርቅ አሸተትኩት።

«ስምዎ ተጽፏል» አልኳቸው ማታ ለአባባ። «ማክሰኞ ጠዋት በሩ ጋ ይምጡ።»

«የኔ? ማነው የጻፈው?»

«ማኅተም አለው» አልኩ። እውነት ነው፤ ነበረው።

ከምስማሩ ላይ ካፖርታቸውን አውርደው አዝራሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሦስተኛው አልነበረም። እናቴ ከራሷ ሹራብ ቆርጣ ተከለችላቸው፣ ቀይ አዝራር።

ማክሰኞ ጠዋት ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ነበር። በመስመር ተሰልፈን በሐይቁ መንገድ ሄድን። ሕንፃው ከዋርካው ጀርባ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ። ውኃው ላይ ጭጋግ ስለነበር ሐይቁ አይታይም። የዓሣ አጥማጆቹ ድምፅ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣ ነበር።

ጥበቃው ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ እያንዳንዱን ስም ጠራ። የተጠራ «አቤት» ብሎ ይገባል። ጥቂት ልጆች እንደገቡ፣ «ሌዳሞ!» አለ።

ልጆቹ ተያዩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር፣ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። አባባ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በዘንጋቸው መንገዱን እየነኩ ተሻገሩ። ጥበቃው አያቸው። ዝርዝሩን አየ። ማኅተሙን አየ።

«ይግቡ፣ አባቴ» አለ።

ገቡ። አላዩኝም፤ በግራ ዓይናቸው የሚያዩት በሩን ብቻ ነበር።

ጥሪው አለቀ። ከልጆቹ መሀል ውጪ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቲቸር አስቴር ወረቀቱን ከጥበቃው እጅ ወሰደችና ጣቷን በስሞቹ ላይ ወደ ታች አወረደች። መ ላይ ቆመች። ወደ ላይ ተመልሳ ለ ላይ ቆመች።

«አንድ ልጅ ናት እኮ» አለችው።

«አርባ ነው፣ እመቤት። ወለሉ እንጨት ነው።»

«እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አልኩ።

ቲቸር አስቴር ጎንበስ ብላ አየችኝ። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም? አርባ አንድ ብዬ አስፈቅድ ነበር እኮ» አለችኝ። ይህ እንደሚቻል በጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ውስጥ ልጆቹ መጮኽ ስለጀመሩ ትታኝ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሕንፃውን ገብቼ አላየሁትም። አሁን ባዘጋጀሁት ዝርዝር ላይ ስሜን ከመ ሥር አስገብቻለሁ፤ መኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

ያን ጠዋት ጥበቃው በርጩማውን ሰጠኝ። «አያትሽ ናቸው?»

«የአባቴ አጎት ናቸው።»

«መስከረም ላይ መጥተው መልሻቸው ነበር» አለ፣ ወደ ሐይቁ እያየ። «ምን ላድርግ? ደብዳቤ አልያዙማ።»

ብዙ ተቀመጥኩ። ከላይ እግሮች ይሰማሉ። ደረጃው ሲጮኽ ለመስማት ሞከርኩ፤ ሠላሳ ስምንት ልጅ ሲወጣበት ግን ሁሉም ደረጃ ይጮኻል። ጭጋጉ ቀስ በቀስ ተነሣ። ድንገት ጠፍቶ የነበረው የጥበቃው ሬዲዮ ከዜና መሀል ጀመረ፤ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። መብራት መጣ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ የዛገና የጎረነነ ደወል ጮኸ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።

ራሴን ቆሜ አገኘሁት። በርጩማው ከኋላዬ ወድቋል።

«ያንን ደግሞ ማን ነካው!» አለ ጥበቃው።

ሲወጡ ረድኤት ሁሉንም ቀድማ ወደ እኔ ሮጠች። «አመለጠሽ! የመዝገብ ቤቱ ሴትዮ መብራት ሲመጣ 'ደወሉን ማን ይሞክር?' አለችና ሁላችንም እኔ እኔ አልን። ቲቸር ደግሞ አባባ ይደውሉ አለች። 'ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም' አሉ። ሁለቴ ተጫኑት! ከዚያ ዞረው በሩን አዩ፣ የሚመጣ ሰው እንዳለ። ማንም አልመጣም። እኛም ዝም አልን። እኔ እንኳ ዝም አልኩ።»

ሰኔ ሲደርስ እኔ ወደ አምስተኛ ክፍል አለፍኩ፤ የአባባ ዓይን አላለፈም። ያን ቀን ግን ገና ኅዳር ነበር፤ ሐይቁም ተገልጦ ያበራ ነበር። ቲቸር አስቴር ቤት እንዳደርሳቸው ፈቀደችልኝ። እጃቸውን ይዤ በመንገዱ ዳር ቀስ ብለን ሄድን።

«ሰባተኛው አሁንም ይጮኻል» አሉኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ «ውስጥ ድምፅሽን አልሰማሁም። የኔ ስም ባንቺ መስመር ላይ ነው እንዴ የተጻፈው?»

«አይደለም፣ አባባ። የእርስዎ ለ ላይ ነው። የእኔ መ ላይ ነበር የሚሆነው።»

እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ ለብቻቸው ሳቁ።

«ደወልኩልሽ እኮ፣ ቤቶ። በስተርጅና ደወልኩ። ማንም አልመጣም እንጂ።»

ይህን ለመናገር እንደ ሌላው ጊዜ ሦስት ቀን አልፈለግኩም። «እኔ ተነሥቼ ነበር» አልኳቸው።

«የት ሆነሽ?»

«በሩ ጋ። ሁለት ጊዜ ሲጮኽ ተነሣሁ።»

ቆሙ። አንድ ባጃጅ አቧራውን እያስነሣ አለፈን። አባባ ዘንጋቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገቡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«እንግዲያው ፈርሚ።»

መንገድ ዳር ቆመን፣ ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ጠብቄ፣ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። የአባቴንም ጨመርኩ፣ ዝርዝር ላይ እንደሚጻፈው። አልሳቁም።